በአክስቴ በር ለተመረጡት ከንቲባ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣
ባሉበት (ዛሬ ያሉበትን በሚገባ አውቃለሁ)፤

ክቡርነትዎ እንደምን አደሩ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ከምርጫው ወዲህ የወፈረው ድምፅዎም ጭምር ደህና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በመምህሮቼ ልመና ትምህርቴን እግማሽ ላይ ያቆምኩ፣ ሰፈሩ «ቀልማዳው» የሚለኝ ሰው፣ ፍራሽ ሰፊዋን አክስቴን ወክዬ እጅ እየነሳሁ እጽፋለሁ። ነገሩ አጭር ነው፤ ምክር ቤትዎ ዛሬ ረፋድ ላይ ተሰብስቦ የአክስቴ ቤት ቤት ሳይሆን መንገድ ነው ብሎ ሊያጸድቅ ነው፤ እሷ ደግሞ መንገድ ላይ መተኛት አልለመደችም።

ከተማችን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባና ምክር ቤት ልትመርጥ ስትነሳ፣ ደንቡ መራጩም ተመራጩም የቤት ባለቤት ይሁን፣ የቤት ባለቤት ማለትም «በሚቆለፍ በር የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው» ብሎ እንደነበር ያስታውሳሉ። በሰፈራችን የሚቆለፍ በር የነበራት አክስቴ ብቻ ናት፤ ሌላው በመጋረጃ፣ በጆንያና በጎረቤት ይሉኝታ ነበር የሚኖረው። ስለዚህ መዝጋቢው ቤት ለቤት ሲዞር አክስቴ «ውሰዱት፣ በር በመታየት አያልቅ» ብላ በሩን አስነቀለችው። እኔና ተሸካሚው ጓደኛዬ በጓሮ በጓሮ እየሮጥን መዝጋቢው ሳይደርስ እናቆመዋለን፣ ሲወጣ ነቅለን ወደሚቀጥለው ቤት እንበራለን። መዝጋቢው አንዴ ብቻ ቆም ብሎ «የዚህ ሰፈር በር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የተጫረው ለምንድን ነው?» ቢል፣ ጓደኛዬ እያለከለከ «ፋሽን ነው ጋሼ» አለው።

እርስዎም ለአዲሱ ቤትዎ ለንግግር የሚሆን ሰገነት አስቀድመው አሠርተው፣ አናጢው ለበሩ ሳይደርስ ከእርስዎ ጋር ተጣልቶ ስለነበር፣ «እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው ለመኗት። ሰጠችዎት። እርስዎም በአዲስ ምስማር አጠበቁት። ከዚህ በኋላ የሆነውን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ መዝጋቢው በመጨረሻ አክስቴ ዘንድ ሲመጣ በሩ እርስዎ ጋ ነበርና «ከፊት ክፍት፣ ከኋላ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ፤ መተላለፊያ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሰፈሩን ሁሉ ያስመረጠ በር ባለቤቱን ሳያስመርጥ ቀረ።

ሁለተኛ፣ መተላለፊያ ከተባለ ወዲህ ሕዝቡ ይተላለፋል። ባለጋሪው በየጠዋቱ «እትዬ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» እያለ በአልጋዋ ጥግ ያልፋል። ትናንት ከሌላ ጋሪ ጋር ምድጃው አጠገብ ተፋጠው ማን ያሳልፍ በሚል ሲጨቃጨቁ፣ አክስቴ ድስቷን እያማሰለች አስታረቀቻቸው። የባለጋሪው በቅሎ ግን እስከ ዛሬ ቅር እንዳላት ነው።

ሦስተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አሳቢ ነውና ከአልጋዋ በላይ የመንገድ ፋኖስ ሰቅሎላታል። መብራት ለኳሹ መሰላሉን ትራሷ ላይ ተክሎ «እኔን አይዩኝ፣ ይተኙ» ይላታል። ማን ያጠፋዋል ብላ ብትጠይቀው፣ «እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አላት።

አራተኛ፣ በገዛ ቤቷ ፍራሽ ስትሰፋ መንገድ ዘግታለች ተብላ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። አምስተኛም ነበረኝ፣ አንድ አላፊ ወንበሬን ይዞት ስለሄደ ቆሜ መጻፍ ደከመኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ደጃፉ ራሱ ተነቅሎ ሲሾም ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው፤ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው በር ከንቲባ እንደሚያደርግ ስላሳዩንም እንዲሁ። አክስቴ በሯን ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ጸሐፊዎ እዚያው በሯ ላይ ተደግፎ «ነገ ይመለሱ» ብሎ ላሳያት ትሕትና የተለየ ምስጋና አለን። እሷ አልተቆጣችም። በሩን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ፣ «ማጠፊያው ዘይት ጠምቶታል፤ ቁልፉ ግን ደህና ነው» ብላ ተመለሰች።

ከእግርዎ በታች፣ ከበርዎ በስተውጭ ሆኜ፣ ዕድሜዎንና ትዕግሥትዎን ያርዝመው እያልኩ የምሰናበት፣
የፍራሽ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ ቀልማዳው

ግልባጭ፦
ባዶ ወንበርዎን እያዩ ለተቀመጡት የምክር ቤት አባላት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በበሩ ሥር ያሾለክንልዎ ስለፈራን አይደለም። በሩን ሲዋሱ ቁልፉን መዋስ ረስተዋል፤ አክስቴ ዛሬ ማለዳ ከውጭ ቆልፋብዎታለች፣ አሁንም ፍራሿን ይዛ መጥታ ደጅዎ ላይ እየሰፋች ነው። በሰገነቱ መውረድ ይችላሉ፤ ግን መዝጋቢውን ጠርተን ከታች አቁመነዋል፤ በበር የማይወጣ ሰው በደንቡ መሠረት የቤት ባለቤት አይደለም፣ የቤት ባለቤት ያልሆነም ከንቲባ አይሆንም። አለዚያ «የእትዬ ቤት ቤት ነው» ብለው ፈርመው በዚያው በበሩ ሥር ይላኩልን፤ ወዲያው ከፍተን፣ በሩን ነቅለን እንሄዳለን። ባለጋሪው ከወዲሁ ሳሎንዎ ስንት ክንድ ስፋት እንዳለው ጠይቅልኝ ብሎኛል። ለመብራቱ አያስቡ፤ ፋኖሱን ይዘን መጥተናል።