አውፍ ሳይባባሉ ዚያራ የለም

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከሥራ መልስ

ዛሬም ሥልጠና ነበር። እማ ሶፋው ላይ፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ። ወሎ፣ ሼሁ የተቀበሩበት ደጅ ለዚያራ ስንሄድ እንዴት እንደምሆን ታስተምረኛለች። የምተኛበትን አልመርጥም። የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ጨው አነሰው አልልም። ውኃ ቅጂ ከተባልኩ እቀዳለሁ፤ ዲዛይነር ነኝ ማለት እዚያ አይሠራም። አጠገቤ የተኛችውን ሴት ምን ሆነሽ መጣሽ ብዬ አልጠይቅም። ፎቶ የለም። ሐሜት የለም። ሆስቴል ነው ወይስ ዚያራ አልኳት። ሳቀችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ለሼሁ ብዬ አይደለም የምሄደው። ለዓይኗ ነው። ሐኪሙ የግራው አይመለስም ብሎናል፣ ቀኙም እየጠበበ ነው። ወሎ ሳለች በየዓመቱ የምትሄድበትን ደጅ ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ልየው አለች። አድኑኝ አላለችም። ልየው ብቻ። ይህን እንቢ የምልበት አንጀት የለኝም።

ወንድሜ ሰይድ ግን አለው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይ ሰ. ብቻ ነው። ሙሉ ስሙን ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሏል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

በቅጡ ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት ሰ. ቤት ምሳ ተጠርተን ሄድን። ጉርድ ሾላ የስልክ ሱቅ አለው፤ መስጊድ ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ መከታተል ከጀመረ ወዲህ ያላረመው ሰው የለም። እማ ዚያራ እንደምትሄድ ሲሰማ መብላቱን አቆመ። መቃብር መለመን ነው፣ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ ነገ አላህ ፊት ምን ልትይ ነው አላት። ሚስቱ ፊት! እማም ዝም አላለችም። አንተ ራስህ እዚያው ደጅ ዱዓ ተደርጎልኝ ነው በሕይወት የቆየህልኝ አለችው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሻይ ሳንጠጣ ወጣን።

አሁን መከራ የሆነብን ወጉ ነው። ዚያራ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከሰው ሁሉ ጋር አውፍ ይባባላል፤ ይቅር ሳይባባሉ፣ ቂም ይዞ ያን ደጅ መርገጥ ነውር ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ትደውልለታለች። «ሰይዴ፣ አውፍ በለኝ።» እሱም ይመልሳል፦ «አላህ አውፍ ይበልሽ።»

ይኸው አለሽ አይደል አልኳት። ገላመጠችኝ። «አውፍ ብዬሻለሁ» ሌላ፣ «አላህ አውፍ ይበልሽ» ሌላ። ሁለተኛው ኃጢአት ላይ ነሽ ማለት ነው። እውነቷን ነው። ልክ እንደ ወረዳ ሠራተኛ ጉዳዩን ለበላይ አካል መርቶባታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከእማ ጋር ልሄድ የጠየቅኩትን ፈቃድ ተከለከልኩ። መ/ቤቱ የባነር ሥራ ተደራርቦበታል። አለቃዬ ጥያቄዬን ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የመለሰው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼ ባነር ቆረጥኩ።

እማ አብሽሪ አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ እሑድ ለዚያራው ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳሉ፣ ከሳቸው ጋር እሄዳለሁ አለች። እትዬ ዘሀራ ራሳቸው በምርኩዝ ናቸው! ማን ማንን ሊይዝ ነው?

ለሰ. ደወልኩለት። አጅባታለሁ እንዲለኝ ፈልጌ አይደለም፤ እህ ብሎ እንዲሰማኝ ብቻ ነበር። አንቺ ነሽ የምታበረታቻት አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩት፤ እዚህ አልጽፈውም። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እማ ዛሬ አልደወለችለትም። ከሥራ ስገባ ሻንጣዋን እየፈታች አገኘኋት። ልጄ ተቀይሞኝ በየት በኩል እገባለሁ አለች። ነጠላዋን አጥፋ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው። ፈራሁ። ለሌላ ሰው የሚቀጥለው ዓመት አለ። ለሷ የለም።

ከላያችን ያለችው አልማዝ ልትሰናበታት መጣች። የወላይታ ልጅ ናት፣ ጴንጤ፤ ሰሚት ከገባን ጀምሮ ሳትጠይቀን አትውልም። ባዶውን ሻንጣ አይታ ደነገጠች። እማ ሁሉንም ነገረቻት። አልማዝ እንዲሁ እንደ ዋዛ፦ «እርስዎስ ይቅር ብለውታል?»

«እኔ ደሞ ምን አድርጎኝ!» አለች እማ፣ ቶሎ ብላ። በጣም ቶሎ። አልማዝ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያ አየሁ። እማ ራቷንም ሳትበላ ተኛች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ልበሺና ውሰጂኝ አለችኝ። የት ብዬ አልጠየቅኳትም። በሚኒባስ ጉርድ ሾላ።

ሰ. ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ስክሪን ፕሮቴክተር ይለጥፋል። ወንበር ሰጣት፣ አልተቀመጠችም። ያለችውን ሳልረሳው ልጻፍ፦

«ሰይዴ፣ ያን ቀን በሚስትህ ፊት ሽርክ ስትለኝ ቀይሜህ ነበር። ይህን ሳልነግርህ ነው አውፍ በለኝ እያልኩ ስጨቀጭቅህ የከረምኩት። አሁን እኔ አውፍ ብዬሃለሁ። ያንተን ሲመችህ።»

ደንበኛው ስልኩን ረስቶ እማን ያያል። ሰ. የሚለጥፈውን አጣሞ ለጠፈው። «ኧረ እማ!» አለ፤ «አንቺ ምን በድለሽኝ ነው እኔ አውፍ የምልሽ?»

አልሐምዱሊላህ አለች። ፊቷ በራ። ልትወጣ ስትዞር ግን የበሩን ደረጃ ሳተችው። እኔ ሳልደርስ እሱ ያዛት። ምሳ ላይ ያያት ተቀምጣ ነው፤ የዓይኗን ነገር ሰምቶ እንጂ ሲሆን አይቶ አያውቅም ነበር። ክንዷን አለቅም አለ። ከማን ጋር ነው የምትሄጂው አላት። እትዬ ዘሀራ ሲባል ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። አቋሜ አልተቀየረም አለ። ደገመው። ቀጥሎ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ላምበረት። ሰይድ ቀድሞን ደርሷል። (አዎ፣ ሙሉ ስሙን ጻፍኩት።) ጀርባው ላይ ቦርሳ፣ ፊቱ ኮስታራ። ደጁ ድረስ አደርሳታለሁ፣ ግቢው ግን አልገባም፣ መንደሩ መስጊድ አድሬ እመለሳለሁ፣ ማክሰኞ ሱቅ እከፍታለሁ አለ። እማ እሺ ብቻ አለች። ከእትዬ ዘሀራ ጎን መስኮት አጠገብ አስቀመጣት። በመስኮቱ ጠቀሰችኝ። ወላሂ ጠቀሰችኝ!

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ ቆሜ አየሁት። ቅናት ነው። ለዓይኗ ብዬ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ እኔም መሄድ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

በምሳ ሰዓት በሱቁ በኩል አለፍኩ። ዝግ ነው። ስልኩ አይሠራም። ሚስቱም አልሰማችም። መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ነበር። ሥራ ላይ ሁለት ባነር አበላሸሁ። አልማዝ መጥታ እጄን ይዛ ጸለየችልኝ። አሜን አልኩ፣ ምን ልበል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ደወለ! ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው። ደህና ናቸው። እማ ደጁን አየችው፤ ግንቡን አረንጓዴ ቀብተውት ተናድዳለች፣ ድሮ የምትቀመጥበት ዛፍ ግን እንዳለ ነው። ዛፉ ሥር ተቀምጣ እስኪመሽ አልነሳም አለች።

እሱስ? መጀመሪያ አጥሩ ውጪ ቆመ። አንድ ሽማግሌ የውኃ ጀሪካን አስያዙት። ማነህ፣ ለምን አትገባም የሚለው ሰው የለም። ሲያመላልስ ሲያመላልስ ራሱን ማድ ቤት ውስጥ አገኘው። ዱዓው ላይ አልተቀመጥኩም አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

መቼ ነው የምትመለሱት አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ። እስከ ጁምዓ ቆዩ ተብለናል፣ ሳያሰናብቱን መውጣት አይቻልም፣ ነውር ነው አለ። ይህን እማ እንኳ አላስተማረችኝም! ታዲያ አቋምህስ አልኩት።

«ይሄ የእንግድነት ወግ ነው፣ ሌላ ነገር አታድርጊው!» ተቆጣ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቅዳሜ ሱቁን ክፈቺልኝ አለኝ፤ ቁልፉ ሚስቱ ጋ ነው። ከኋላው ሰው ውኃ! ውኃ! ይላል። መጣሁ ብሎ ጮኸ፤ እኔን ሳይሰናበት ዘጋው።

ለአለቃዬ ቅዳሜ አልገባም ብዬ ጻፍኩለት። ፈቃድ ስጠኝ አላልኩትም።