ደንበኛው ጠፍቷል

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለገዳሙ፤ ካለህበት ሁሉ ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይድረስህ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። እዚህ ደብረ ማርቆስ ዝናቡ አላባራም።

የባለቤቴ ጋራዥ ዘመነ ብልህ ትስቅብኛለህ። አሁን ደንበኛ የሚጠራው ኮምፒውተሩ ነው። የዘይት ወይ የፍሬን ጊዜ ሲደርስ፣ ራሱ ዋጋውን ጽፎ ለባለመኪናው ስልክ መልእክት ይልካል፤ ሰዉም ይመጣል። እኔ ስለማመድ መጀመሪያ የመዘገብኩት አንተን ነው። የፍሬን ሸራህ ማለቁን፣ «ከመርጡለ ማርያም ስመለስ አስቀይራለሁ» ማለትህን ሁሉ አስገብቻለሁ። ከሄድክ በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ላከልህ፤ ሦስቱንም «አልደረሰም» ይላል። መቼም ኔትወርክ ነው።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ «ደንበኛው ጠፍቷል፤ ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ የሺዋስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ደብርዬ፣ ማሽን ነው እኮ! ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«የቤንዚኑ ሽታ ነው» አልኩት፤ ሃያ ዓመት የለመድኩትን ሽታ።

«አይሰረዝ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይጠይቀኛል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት «አይሰረዝ» እለዋለሁ።

ይህን ወረቀት ወደ መርጡለ ማርያም ለሚሄድ ዲያቆን ሰጥቻለሁ። ሁለት ቃልም ብትሆን በእጅህ ጽፈህ በእሱው ላክልኝ። የፍሬን ሸራውን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። ቁልቁለቱን ቀስ በል። እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም።

እህትህ ደብሪቱ