ማንቂያው አስቀድሞ ለማን ይድረስ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ለራሴ ለትዕዛዙ፦ ይህን የምጽፍልህ ድካምህን ለሰው መናገር ስለማትወድ ነው። ለሰው የተነገረ ድካም ስሞታ ይሆናል፤ ስሞታ ደግሞ ለአንተ አልተፈጠረም።

ዝናብ ውሎ ዝናብ አደረ። ከምሠራባት ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው የኔትወርክ መስመር እንደ ልማዱ ይቆረጣል፣ ይመለሳል። በተቆረጠ ቁጥር፣ መስመሩንና የክትባት ማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት እንዲጠብቅ የሠራሁት መከታተያ ፕሮግራም «ዳንግላ ጠፋ» ብሎ መልእክት ይልካል፤ በተመለሰ ቁጥር «ዳንግላ ተገኘ»። የዳንግላው የክትባት ማከማቻ ኃላፊ አቶ ቢሻው ደውለው፣ ስልካቸው እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም መዋሉን ነገሩኝ። እንዲታገሡ ለመንኳቸው። መታገሥ ለሥራ ይበጃል... ይበጃልን?

ሐምሌ 10

ከዲጃ ደወለች፤ የማከማቻውን ማቀዝቀዣዎች የምትጠብቀው ነርስ። ሙቀቱ ሲጨምር መልእክቱ ለእርሷም እንዲደርስ ጠየቀች፤ ማቀዝቀዣው ካለችበት ክፍል በግድግዳ ብቻ የተለየ ነውና። አልፈቀድኩም። አለቃ ሳይሰማ ጭፍራ ሊሰማ አይገባም። ግምጃ ቤት በሚባለው ደብር ቅኔ ስቆጥር፣ መምህራችን ሳይባርኩ እንጀራ የዳሰሰ ተማሪ ጦሙን ያድር ነበር። ፕሮግራሙንም በዚሁ ሥርዓት አደራጅቼዋለሁ፦ መልእክቱ ለአቶ ቢሻው ይደርሳል፣ እርሳቸው ማየታቸውን ሲያረጋግጡ ወደ ታች ይወርዳል።

«እሺ የኔታ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። «ማቀዝቀዣው ግን ታላቅና ታናሽ አያውቅም።»

ምላሷ ስለታም ነው። የኔታ የምትለኝም ለአክብሮት አይመስለኝም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ክፉ ቀን። ዳንግላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ በእጅ ካልተነሣ አይነሣም። አቶ ቢሻው ዘመድ ሞቶባቸው አዘና ወደምትባለው ከተማ ለቀብር ሄደው ነበር፤ ስልካቸውንም ጨዋ ሰው በለቅሶ ቤት እንደሚያደርገው አጥፍተውታል። መልእክቱ በተዘጋ ስልክ ላይ ቆመ። ከዲጃ በጎረቤት ክፍል በቀን ብርሃን ሕፃናት ስትመዝን፣ መብራት መጥፋቱን ሳታውቅ ቆይታ፣ ማቀዝቀዣውን የከፈተችው ከረፈደ በኋላ ነው።

ክትባቱ ተበላሸ።

ሐምሌ 15

በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ከገጠር በእግራቸው የመጡ እናቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከዲጃ በየተራ እየቀረበች፣ ለአንዳንዷ በአማርኛ ለአንዳንዷ በአገውኛ፣ ሌላ ቀን እንዲመለሱ ትነግራቸዋለች። አንዲቱ ልጇን መልሳ አዘለችና ወደ ዝናቡ ወጣች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የምወቅሰው ሰው ፈለግሁ። መብራቱን... መስመሩን... ፕሮግራሙን መረመርኩ። መልእክቱ በሰዓቱ ወጥቷል፣ ወደ ታዘዘበትም ሄዷል። ጥፋት የለበትም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

 

ሐምሌ 16

ሁሉን አፍርሼ እንደገና አስተካከልኩ። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ መከታተያው ዝም ይላል፤ ለረባው ላልረባው የሚጮኽ ነገር ሰሚ ያጣል። የሙቀቱ ማንቂያ ግን ለብቻው ሆነ፤ አስቀድሞ ለከዲጃ፣ ቀጥሎ ለአቶ ቢሻው። የታናሺቱን ስም ከታላቁ በላይ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ መልሼ ጻፍኩ።

ከዚያም አቶ ቢሻው ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ሥራ ስገባ ዋስ የሆኑልኝ እርሳቸው ናቸው፤ በስልክ አይነገርም። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ከዚህች ልጅ ኋላ አደረግኸኝ በለኛ።»

አዎን አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ስወጣ እስከ ደጅ አልሸኙኝም። እርሳቸውን የሚያህል ሰው እንግዳውን ሳይሸኝ ሲቀር ትርጉሙን አውቃለሁ።

ሐምሌ 22

ዝናብ። መስመሩ ደጋግሞ ተቆረጠ፣ ማንንም አልረበሸም። አቶ ቢሻው አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። ኩራት ነው? ሊሆን ይችላል... ደክሞኛል።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ጠዋት ዳንግላ መብራት ጠፋ። ማንቂያው ለከዲጃ ደረሳት፤ ሙቀቱ ከልኩ ሳያልፍ ጄኔሬተሩን አስነሣች። ደውላ ስትነግረኝ ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማ ነበር። መርፌው ነው፣ አይስጉ ብላ ሳቀች። እናቶቹ ተመልሰው መጥተዋል።

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ላይ የአቶ ቢሻው ስም ታየ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሚያየኝ ሳይኖር ከወንበሬ ተነሥቼ አነሣሁት። ለተግሣጹ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እንዲህ አሉኝ፦

«መልእክትህ ሲደርሰኝ ነገሩ አልቋል፤ ያለቀ ነገር ለእኔ መላኩን ተው። ይልቅ ለከዲጃ የስልክ ካርድ ሙላላት፤ እስከ ዛሬ የምትደውልልህ ከኪሷ እያወጣች ነው።»