ቅርጫቱ ሳይራገፍ

መጋቢት 2
ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ። ዚፑ የተበላሸውን ሱሪ አልነካሁትም።
ከሰዓት የልጄን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ከሄደች ሰባት ወሯ። ፌንጣ ነበር የምንላት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥማ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዘል ስትዘል... ይብቃ።
ራሷን የቀረጸችባቸው ቪዲዮዎች አሉ፣ አሥራ አንድ። አንዱንም ሳላይ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። "ቦታ የለም" ይላል። እሷ የለችም፣ ቦታው ምን ዋጠው?

መጋቢት 3
ኮምፒውተር ጠጋኟ ጋ ወሰድኩት። መነጽሯ ወፍራም፣ ጠረጴዛዋ ሽቦ በሽቦ።
"እትዬ፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ያለውን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?"
"ልጄ እኮ ውስጡ አለች!"
ከእጇ መንጭቄ ወጣሁ። ቻርጀሩን ረስቼ። መንገድ ድረስ ሮጣ ሰጠችኝ። እንዴት እንዳፈርኩ...
"ነገ ይምጡ" አለች። "ራስዎ እንዲያጸዱት አሳይዎታለሁ።"

መጋቢት 4
ገባኝ! ፕሮግራሞቹ ሲሠሩ ቅራጭ ይጥላሉ፣ ጥለው አያነሱም። እኔ ስሰፋ ወለሉ እንደሚሆነው። ጊዜያዊ ፋይል የሚሉት እሱን ነው።
እንዳልረሳው ልጻፈው። መጀመሪያ የተከፈተውን ሁሉ መዝጋት። መስኮት የተሳለባትን ቁልፍና አር የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ መጫን። ሳጥን ሲመጣ ፐርሰንት፣ ቴምፕ፣ ፐርሰንት ብሎ ጽፎ እሺ የሚለውን መጫን። የሚከፈተው ፎልደር ቅራጭ ነው። ሁሉንም መርጦ መሰረዝ።
"አልሰረዝም ያለኝስ?" አልኳት ጠጋኟን።
"ይለፉት። ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፣ አይታገሉት።"
"ሌላው ፎልደርስ?"
"የማያውቁትን አይንኩ፣ እትዬ። አደራ።"

መጋቢት 5
ዝናብ። አልነካሁትም። ፈራሁ።

መጋቢት 6
ታናሽ እህቴ መጣች። እሷ ያለችበት ቤት ቁም ነገር አይሠራም።
ከመጀመሬ በፊት ቪዲዮዎቹን ደህና ቦታ አኖርኳቸው። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቅርጫት አለች። እኔ ጥሩ ጥሩውን ቅራጭ፣ ከፋዩን፣ ሐሩን፣ የማኖረው ጠረጴዛ ሥር ባለው ቅርጫት አይደል? አሥራ አንዱንም እየጎተትኩ እዚያ ከተትኩ። አሁን ማንም አይነካብኝም።
ከዚያ ቴምፕ። አሥራ አራት ሺህ ፋይል!
"ክፍሏም እንዲሁ ነበር እኮ" አለች እህቴ። "ከአልጋዋ ሥር የጠፋ ካልሲ መንግሥት ያቋቁም ነበር።"
ሰረዝ አልኩት። አረንጓዴዋ መስመር ስትሄድ እህቴ ቆማ "ሩጪ! ሩጪ!" ታጨበጭባለች። አምስት ፋይሎች እምቢ አሉ።
"እነዚህ የባሌ ዘመዶች ናቸው፣ ተዪያቸው" አለች።
ሆዴን እስኪቆርጠኝ ሳቅሁ። ልጇን የቀበረች እናት እንዲህ ትስቃለች? ሰው ቢያይ ምን ይል ነበር?... ሳቅሁ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።
ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም።

መጋቢት 7
ቀስ ብዬ ልጻፍ።
ጠዋት ጠጋኟ ጋ ደወልኩ። ሰርዤ ሰርዤ ቦታው አልተለቀቀም አልኳት።
"ቅርጫቱን አላራገፉትማ! የሰረዙት ሁሉ እዚያ ነው የተጠራቀመው። ቅርጫቷ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ባዶ አድርግ የሚለውን ይምረጡ።"
መረጥኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴ አዎ ላይ...
"ግን ሳያራግፉ በፊት ውስጡን ይዩ" አለች፣ "የሚፈልጉት ነገር እንዳይኖር።"
"እንዴ፣ አለ እንጂ። የልጄ ቪዲዮዎች እዚያ ናቸው። ደህና ቦታ ብዬ ያኖርኳቸው።"
ጮኸች።
"እጅዎን ያንሱ! እትዬ፣ እጅዎን ከዚያ ላይ ያንሱ!"
አነሳሁ። ሁለቱንም እጄን፣ ወደ ላይ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ። ስልኩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከወለሉ ላይ ትጮሃለች።
ስልኩን አንስቼ አይ የሚለውን ተጫንኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አወጣናቸው። እኔ "መልስ" የሚለውን ስጫን እሷ በስልክ ትቆጥራለች። አሥራ አንድ! ስንል ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን።
"ማን ነው ቅርጫት ውስጥ ዕቃ የሚያስቀምጥ?"
"ልብስ ሰፊ!" አልኳት።
በፍላሽም ገልብጪያቸው... ኧረ እሷ አንቱ ነው የምትለኝ። ይገልብጧቸው አለች፣ ገለበጥኩ። ከዚያ ውስጡን ሁለት ጊዜ አየሁና አራገፍኩት። ሠላሳ ስምንት ጊጋ ተለቀቀ! ከወንበሬ ተነስቼ ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ እንጃ።

መጋቢት 8
የመጀመሪያው ቪዲዮ ተከፈተ።
የደንበኛ ቀሚስ ከነመርፌው ለብሳ ጠረጴዛዬን ትዞራለች። የእኔ ድምፅ ከኋላ፦ "አውልቂ! የሰው ልብስ ነው! ፌንጣ፣ አውልቂ አልኩሽ!"
"እማ፣ አንዴ ብቻ ልዙርበት! አንዴ!"
ከዚያ መርፌ ወጋት። "ውይ!" ብላ ካሜራውን ይዛ ወደቀች።
አለቀስኩ። ደግሜ ከፈትኩት። አለቀስኩ። አራተኛ ጊዜ ስከፍተው፣ "ውይ!" ስትል፣ ሳቄ አመለጠኝ።

መጋቢት 12
"ይሄን ሁሉ ቦታ ምን ልታደርጊበት ነው?" አለችኝ እህቴ።
"አንቺን ልከትበት" ብዬ የኮምፒውተሩን ካሜራ አበራሁባት።
"ኧረ ተይ! ጸጉሬን ሳልሠራ!" ብላ መጋረጃው ውስጥ ገባች። እግሯ ግን ውጭ ነው። መጋረጃው ውስጥ ሆና ትዘፍናለች፣ ያ አህያ የሚያስደነብር ድምፅ። እኔ እየሳቅሁ ቀረጻው ይወዛወዛል።
ቀን በቀን የተደረደሩት የፌንጣ ፋይሎች ነሐሴ ላይ ቆመው ነበር። ዛሬ ከሥራቸው አንድ ተጨመረ።