ለኔ ያልተረጎምክልኝ

ታዴ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው የሙቀት ወራት ገባ። ያ የማትወደው ነፋስ ዛሬም ቤቱን አቧራ አልብሶት፣ ስጠርግ ውዬ ገና አሁን ቁጭ ማለቴ ነው። መጻሕፍትህን አልነካሁም፤ አልጋው ላይ የከመርካቸውን ብቻ አነሳሁ። መተኛት አለብኛ! ልጃችን ሳባ ወደቡ ላይ ሥራ ይዛለች።

ደግሞ ስማ፤ የለፋህበት ነገር ሆነልህ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ አስተርጓሚ ማቅረብ ጀመረ። ዕድሜህን ሙሉ ያጠናኸው ይህንኑ አልነበር? ቤታቸው አማርኛ ወይም አፋርኛ የሚነገር ልጆች ፈረንሳይኛው ስላልገባቸው ብቻ ሰነፍ ተብለው ኋላ እንደሚቀሩ፣ እናቶቻቸውም ስብሰባ ተጠርተው ምንም ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቅንቀው እንደሚመለሱ። ሴቶቹን ልትጠይቅ ስትሄድ ስለሚያፍሩህ ማዕከላዊ ገበያ ድረስ እኔን ታስከትል ነበር። አንዷ፣ ልጇ ክፍል መድገሙን ከጎረቤት እንደሰማች የነገረችን ቀን ምሳህን እንኳ አልበላህም። እናት ስለ ልጇ የሚባለውን በራሷ ቋንቋ መስማት መብቷ ነው እያልክ ቤቱን ስትዞረው ዋልክ።

ታዲያ እኔስ? እኔስ፣ ታዴ?

ፈረንሳዊው ሐኪም ያን ሁሉ ሲነግርህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ፈረንሳይኛ እንደማልሰማ ታውቃለህ። ወደኔ ዞረህ፣ ድካም ነው፣ ዕረፍት ያስፈልገዋል ይላል፣ አልከኝ። አመንኩህ። በሳምንቱ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ድሬዳዋ ሄድኩ፤ ሂጂ ብለህ የሸኘኸኝም አንተው ነህ። ስመለስ አንደበትህ ተይዞ ጠበቀኝ። ሐኪሙ ብዙ እንደማትቆይ ነግሮህ እንደነበር የሰማሁት ከቀብርህ በኋላ ነው፤ እሱንም ሳባ ሄዳ ጠይቃው።

ላለማስጨነቅ ብለህ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን እስካሁን ተቀይሜሃለሁ። የምልህ ነገር ነበረኝ፤ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን ነበረኝ። እኔ ሠርግ ቤት እስክስታ ስመታ አንተ እዚህ ሁሉን እያወቅህ ብቻህን ነበርክ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አትሳቅ! መምህሩ በሶማልኛ ይነግረኛል፣ እኔ ከአገር ቤት አዲስ ለመጡት የሾፌር ሚስቶች በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። የምሠራው አንተን እያሰብኩ ነው፤ በሕይወት እስካለሁም አልረሳህም፣ ቅያሜዬም አብሮኝ ይኖራል። ባለፈው ለአንዷ ልጇ ወደሚቀጥለው ክፍል እንደማያልፍ መንገር ነበረብኝ። አለሳልሼ ልለፈው ብዬ ነበር። ከዚያ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ታዲያ አሁን ምን ላድርግ ስትለኝ፣ ጥያቄዋን ለመምህሩ በሶማልኛ አቀረብኩላት። እኔም ያኔ እውነቱን ሰምቼ አንተን ይህንኑ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።

ባለቤትህ