የድምፅ ሙቀት ሕክምና ክፍላችንን ያቋቋሙት ሐኪም ዕረፍት

የሆስፒታላችን የፕሮስቴት ሕክምና ክፍል መሥራችና ኃላፊ፣ ታካሚዎች «ዶክተር ለብ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን፣ በፕሮስቴት ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ይህን መርዶ ለሠራተኞቻችን፣ ለታካሚዎቻችንና ለሕዝብ የምናሰማው በመሪር ሐዘን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እጃችንን አጣምረን ከማየት ሌላ ምንም ሳንችል ነው ያጣናቸው።

ክፍሉ በተከፈተበት ዓመት፣ በኤምአርአይ ምስል እየተመሩ የአልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድን አንድ ነጥብ ላይ በማሰባሰብ የታመመውን የፕሮስቴት ክፍል ያለ ቢላዋ፣ በሙቀት ብቻ የሚያጠፋውን ሕክምና አስጀመሩ። ማሽኑ በበሩ አልገባ ብሎ ግድግዳ ሲፈርስ፣ አቧራው ውስጥ ቆመው «ቀስ! ሙሽራ ናት፣ ቀስ!» ይሉ እንደነበር የጥገና ሠራተኞቻችን ያስታውሳሉ።

በቀጣዩ ዓመት፣ የሽንት ችግራቸውን ለሚስታቸው እንኳ መንገር ለሚያፍሩ ወንዶች የሐሙስ ከሰዓት ክሊኒክ ከፈቱ። ሕክምናውን ለሚፈራ ሁሉ «ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም» ይሉ ስለነበር ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። ታክመው የወጡት ደግሞ «ዶክተር፣ ትንሽ ዋሽተውናል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የማክሰኞውን ስብሰባ ሥርዓት አወጡ። ሕክምናው ለአንድ ሰው ይሆናል ወይስ አይሆንም ተብሎ ሲወሰን ስሙና ሥራው ተሸፍኖ ምስሉና የጤናው ሁኔታ ብቻ እንዲታይ አደረጉ። ይህም ዘመድና አለቃ ወረፋ እንዳይቀድሙ፣ ለማይጠቅመው ሰውም በይሉኝታ እሺ እንዳይባል ነበር። የዳይሬክተራችን አጎት ሳይቀሩ በዚሁ ሥርዓት ተመልሰዋል፤ ዳይሬክተሩም ለጥቂት ጊዜ አኩርፈው ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ፣ ልቡ ቀዶ ሕክምና የማይችል የአንድ ሰው ምስል ቀረበልን። ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴት እጢው አልወጣም። ነገር ግን ሞገዱ በሚገባበት በኩል የተደረደረ የካልሲየም ጠጠር መንገዱን ዘግቶታል። ሁላችንም «አይሆንም» ብለን እጃችንን ስናወጣ እርሳቸውም አወጡ። ምስሉ የራሳቸው መሆኑን ያወቅነው ስብሰባው ካበቃ በኋላ፣ ለጨረር ሕክምና ሪፈራል እንድንጽፍላቸው ሲጠይቁን ነው።

የጨረር ሕክምናውን ወሰዱ፤ በሽታው ግን ቀድሞ አጥንታቸው ገባ። እኛም ያንን ምስል በየጊዜው እያወጣን፣ ሞገዱ ሾልኮ ሊያልፍበት ይችል የነበረ ቀዳዳ በቀኝም በግራም ፈልገናል። የፊዚክስ ባለሙያችን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ስሌቱን ሲደጋግም በሩ ላይ ቆመው «ተው ልጄ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ብለውታል። ማሽኑ ምንም አልጎደለውም። በዚያው ሳምንት ሌሎች ታክመውበት በእግራቸው ወጥተዋል፤ ያከሟቸውም እርሳቸው ነበሩ።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለታላቅ እህታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለቅሶ ለመድረስ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ባለቤታቸው «ምስሉ የእሱ መሆኑን ብታውቁ ኖሮ እሺ ትሉት ነበር?» ሲሉ ጠይቀውናል። መልሳችንን በዚህ መግለጫ እናቀርብላቸዋለን፦ እሺ እንላቸው ነበር፤ ሞገዱ ግን አያልፍም ነበር።