የእማማ ባጊራቲ እንቅልፍ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ቱልሲራም፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያ የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት? እናታችንስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? የሱራት ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኔ የእናታችን የጋንጋ ወንዝ ቸርነት አልተለየኝም፤ ደህና ነኝ። የተናደደ ሰው ደህና ነው ከተባለ ማለቴ ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «መምህሩን ይቅርታ ጠይቂ፤ ቁጣ የራጃስ ባሕርይ ሥራ ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ጋሼ፣ የእሳቸውን ሰምተው የእኔን ሳይሰሙ መፍረድዎ አንጀቴን አሳርሮታል። እንግዲህ የሆነውን ልንገርዎ።

በገዳማችን በአሽራሙ ወጥ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረችውን እማማ ባጊራቲን አይረሷትም፤ አምና ስትመጡ የባለቤትዎን የእትዬ ሳርላን እግር ያሸችላት ባልቴት ናት። ያን ሰኞ ሦስት መቶ ተሳላሚ መጥቶብን፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ዱባ ስትከትፍ፣ የድስት ጥላሸት በአመድ ስትፈትግ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውም ትምህርት ይስማ ተባለና ገብተን ተቀመጥን። መምህር ኒትያቦድ ስለ ሦስቱ የተፈጥሮ ባሕርያት ያስተምሩ ነበር፤ ስለ ብርሃኑ ሳትቫ፣ ስለ ግለቱ ራጃስ፣ ስለ ድንዛዜው ታማስ። እማማ ባጊራቲን ግድግዳ እንደተደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸው ንግግራቸውን አቋርጠው በጣታቸው አሳዩዋት። «ታማስን በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ያቻትና አፏን ከፍታ ተቀምጣለች» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። በሳቁ ነቃች፤ ምን እንደተባለ ስላልገባት እሷም አብራ ሳቀች። ጋሼ፣ እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ዛሬ የበሉትን ቂጣ ማን ጋገረውና ነው?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ይኸው፣ ራጃስም ተነሣችላችሁ» አሉ። እንደገና ተሳቀ። እኔም «እርስዎ ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፉ ‹ተመስጦ ላይ ናቸው› እየተባለ በእግር ጣታችን ነው የምንሄደው። የእሷ ሲሆን ምነው ታማስ ሆነ?» አልኳቸው። ያኔ ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ የአሽራሙ ኃላፊ አስጠርቶ፣ ሁለታችሁም በጉባኤው ፊት መምህሩ እግር ላይ ውደቁ፣ አለዚያ ዕቃችሁን ያዙ አለን። እማማ ባጊራቲ ረጋ ብላ «ልጄ፣ የተኛሁት ስለደከመኝ ነው። ነገም ቢደክመኝ እተኛለሁ» አለችው። ወጣን። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው፤ አንድ ሰው እንኳ እስከ በሩ አልሸኘንም። አሁን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለመንገደኛ ምሳ የሚሸጥ ቤት ገብተን፣ ታማስ ያመጣል ብሎ አሽራሙ በሩን የዘጋበትን ሽንኩርት ስንልጥ እንውላለን።

አባታችን ገመድ እየገመደ ይነግረን የነበረውን እርስዎም ሰምተዋል። ሦስቱም ባሕርያት የሌሉበት ሰው አልተፈጠረም፣ ብርሃኑም ቢሆን «እኔ ንጹሕ ነኝ» ብሎ የሚኮራበትን ሰው ያስረዋል ይለን ነበር። እኔ ከትምህርቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ትምህርቱን ይዞ በደከመች ሴት ከሚያላግጥ ሰው ጋር ነው። ቁጣዬ ራጃስ ከሆነም ይሁን፤ አልደብቀውም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ለካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ ወደ ወንዙ ሲመጡ እንደወትሮው አሽራሙ ካረፉ፣ እኔ ከዚያ ደጅ አልደርስም። እኔ ዘንድ ካረፉ ግን አንድ ክፍልና ሁለት አልጋ አለን። እማማ ባጊራቲና እኔ በአንዱ እንተኛለን፤ ሌላው የእርስዎ ነው።

የእናታችንን እግር ይሳሙልኝ። ልጅዎ ዴቬንድራ በትምህርቱ እንዳይሰንፍ ይንገሩልኝ፤ ትንሿን ቻምፓን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። እትዬ ሳርላ፣ የመምህሩን ፎቶ ከግድግዳሽ አውርጂ አልልሽም። የእሳቸውን ወሬ ለሰሙት ጎረቤቶችሽ ግን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እህትዎ ካልያኒ

ሃሪድዋር፣ በአሽዊን ወር፣ ጨረቃዋ መጉደል በጀመረች በአራተኛው ቀን